ቡና በክርስቲያን ቤት፦ ከመከልከል ወደ መፈቀድ የተሄደበት መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ በኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ቤት ቡና የማይፈላበት ቀን ጥቂት ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ ለቅሶ ቤት ቡና ይፈላል፤ የጽዋ ማኅበር ሲወጣ ከጸሎቱና ከማዕዱ በኋላ ቡና ይቀርባል። ይህን የሚያይ ሰው ቡና ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ በክርስቲያኖች ዘንድ የነበረ መጠጥ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በብዙው የሰሜንና የመካከለኛው ሀገራችን ክፍል ቡና የሚጠጣ ክርስቲያን በሃይማኖቱ ይጠረጠር ነበር፤ ካህናትም አጥብቀው ይከለክሉ ነበር። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ግን ያው መጠጥ ከተከለከለበት ቤት ገብቶ የቤቱ ክብር ሆነ።

ይህን ታሪክ ማወቅ ለእኛ ለወጣቶች የሚጠቅመን በከንቱ አይደለም። በየግቢ ጉባኤውና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ «ቡና መጠጣት ኃጢአት ነውን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። አንዱ ወገን «ቡና የመናፍስት ግብር ነው» ብሎ እናቱ ያፈላችውን ቡና ንቆ ይነሣል፤ በዚህም የቤተሰብ ሰላም ይናጋል። ሌላው ወገን ደግሞ «ባህላችን ነው» በሚል ሽፋን በስኒ አተላ ዕጣ ፈንታ ማስነገርን ሳይቀር አብሮ ይቀበላል። ሁለቱም ወገኖች ነገሩ ከየት እንደመጣ ቢመረምሩ ብዙ ክርክር በቀረ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቡናን አመጣጥ፣ የተከለከለበትን ምክንያት፣ የተፈቀደበትን መንገድና ዛሬ በቤታችን ልንይዘውና ልንተወው የሚገባንን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ተክሉና ሀገሩ

በዓለም ላይ ከሚጠጡት የቡና ዓይነቶች በጣዕሙ የሚመረጠው «ኮፊያ አራቢካ» ተብሎ ይጠራል። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1753 የሰጠው ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው። «የዐረብ ቡና» ያለው አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በየመን ወደቦች በኩል ስለነበረ ነው እንጂ የተክሉ ጥንተ ሀገር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በከፋ፣ በኢሉባቦርና በአካባቢያቸው ባሉ ደኖች ቡና ሳይተክሉት ዛሬም ይበቅላል፤ የተክሉም ዝርያ ብዛት ከሌላው ዓለም ይልቅ በዚያ ይገኛል።

ስለ ቡና መገኘት ሲነገር ሁላችንም የምናውቀው ፍየሎቹ ሲዘሉ ያየውን የካልዲን ታሪክ ነው። በታሪኩ ውስጥ መነኮሳት በሌሊት ጸሎት እንዳያንቀላፉ የቡናውን ፍሬ እያፈሉ መጠጣታቸው ስለሚነገር ብዙ ሰባክያን ይወዱታል። ነገር ግን ይህ ትረካ የሀገራችን የጥንት መዝገብ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1671 በሮም በታተመ የማሮናዊው ሊቅ የፋውስቶስ ናይሮን መጽሐፍ የታወቀ ነው፤ በዚያም መጽሐፍ የእረኛው ስም አልተጠቀሰም። «ካልዲ» የሚለው ስም የተጨመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ ትረካውን እንደ ጨዋታ መናገር ይቻላል፤ ቡና በክርስቲያኖች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተወደደ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን አይቻልም።

ይልቁንም ቡናን አስቀድመው የተጠቀሙበት በተክሉ አካባቢ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ሀገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ኦሮሞዎች ረጅም መንገድ ሲሄዱ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ እንደ ኳስ አድቦልቡለው ለስንቅ ይይዙ እንደነበር ጽፏል። ከዚህ የምንረዳው ቡና መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምግብም እንደነበረ ነው።

ክልከላው ከየት መጣ?

ቡና ተፈልቶ የሚጠጣ ሆኖ በታሪክ በግልጽ የሚታየው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየመን ነው። በዚያ የነበሩ ሱፊ የሚባሉ የእስልምና መንፈሳውያን በሌሊት ጸሎታቸው ለመትጋት ይጠጡት ነበር። ከዚያ ወደ መካና ወደ ካይሮ ተሻገረ። የሚያስደንቀው ነገር ግን በእነርሱም ዘንድ ክርክር ማስነሣቱ ነው። «ቀህዋ» የሚለው የዐረብኛ ስም ቀድሞ ለወይን ጠጅም ይነገር ስለነበረ አንዳንድ የሕግ ሊቃውንታቸው ቡናን ከሚያሰክር መጠጥ ቆጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1511 በመካ የነበረው ባለሥልጣን ኻይር በግ ቡናን ከለከለ፤ ካይሮ ያለው የበላይ መንግሥት ግን መጠጡን ፈጽሞ የሚከለክለውን ውሳኔ አላጸናም። በምዕራቡ ዓለምም የሮሙ ፖፕ ክሌመንት 8ኛ «የአሕዛብ መጠጥ ነውና ይከልከል» የሚል አቤቱታ ቀርቦላቸው ቀምሰው እንደወደዱት በአፈ ታሪክ ይነገራል። እንግዲህ ቡናን በጥርጣሬ የተቀበሉት የእኛ አባቶች ብቻ አልነበሩም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ የቀደሙ አባቶች ቡናን የከለከሉበትን ምክንያት በዚያ ዘመን በነበረው የማዕድ ሥርዓት ውስጥ እናገኘዋለን። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለዘመናት በጉርብትና ኖረዋል፤ አብረው ነግደዋል፤ በችግርም በደስታም ተረዳድተዋል። አንዱ ያረደውን ሌላው ግን አይበላም። በማን ስም ታረደ የሚለው ጥያቄ የሃይማኖት ጥያቄ ነውና። ማዕድ የእምነት ምልክት በሆነበት ሀገር ቡናም፣ ጫትም፣ ትንባሆም በዚሁ ዐይን ታዩ። ቡናን በሰሜኑ ገበያ ይዘው የሚዞሩት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋድያን ነበሩ፤ የሚጠጡትም እነርሱ ነበሩ። ስለዚህ ቡና መጠጣት ሰውየው የማን ወገን እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በትንባሆ ላይ ያወጡት ከባድ ቅጣት ያ ዘመን እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ምን ያህል አክብዶ ያይ እንደነበር ያሳያል።

ሌላም ምክንያት አለ። በኦሮሞ ባህላዊ እምነት ውስጥ «ቡነ ቀላ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ትርጉሙ «የታረደ ቡና» እንደ ማለት ነው። ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ እየተጠበሰ፣ እየተመረቀ ይቀርባል። በሌላም ቦታ የዛር መንፈስ የሚጠራው ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ተጢሶ ነበር። ካህናቱ ይህን ሲያዩ «ቡናው ለማን ቀረበ?» ብለው መጠየቃቸው አግባብ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጣዖት የተሠዋውን ሥጋ በተመለከተ ለቆሮንቶስ ምእመናን ያስተማረው ይህንኑ ነው (1ኛ ቆሮ. 8 እና 10)። ሥጋው በራሱ ምንም አይደለም፤ ይሁን እንጂ ለጣዖት እንደቀረበ እየታወቀ ቢበሉት የደካማውን ወንድም ኅሊና ያቆስላል፤ ከአጋንንትም ማዕድ ጋር ያስተባብራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ክልከላው ልማድ ነበር እንጂ የቀኖና መጽሐፍ ትእዛዝ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን የምትጠቀምበት ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የተጠናቀረ ነው፤ የቡና መጠጥ በየመን የታወቀው ደግሞ ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያልታወቀ መጠጥ በስም ሊከለከል አይችልም። አባቶች የከለከሉት በጊዜያቸው ቡናው ይዞት የነበረውን ትርጉም አይተው፣ መንጋቸውን ለመጠበቅ ነው።

የዘጌ ምስክርነት

ልማዱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዳልነበረ የሚያሳይ አንድ ምስክር ከጣና ሐይቅ ዳር እናገኛለን። የዘጌ ገዳማት በቡና ደን ውስጥ የተሸሸጉ ናቸው። በአካባቢው የሚነገረው ትውፊት የዘጌ ገዳም መሥራች ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ለሕዝቡ መተዳደሪያ ሦስት ተክሎችን ከእግዚአብሔር ዘንድ እንደተቀበሉ ያስረዳል፤ እነርሱም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ናቸው። በዘጌ ምድሩን በበሬ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነ ደኑ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ሕዝቡም ከቡናው፣ ከጌሾውና ከፍራፍሬው እየሸጠ እህሉን ከሌላ ቦታ ይገዛል።

በአንድ በኩል ካህናት «ቡና አትጠጡ» እያሉ፣ በሌላ በኩል የታላቅ ገዳም ሕዝብ በቡና ተክል ይተዳደር ነበር። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም አይጋጭም። ተክሉ የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑን የካደ አባት አልነበረም። የክርክሩ ጉዳይ ሰዎች በተክሉ የሚፈጽሙበት ነገር ነው።

ልማዱ የተለወጠበት ዘመን

የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሀገራችን ብዙ ነገር የተለወጠበት ጊዜ ነው። የሸዋ ንጉሥ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ ቡና የሚበቅልባቸው አገሮች በአንድ መንግሥት ሥር ገቡ። ሐረር በ1879 ዓ.ም.፣ ከፋ ደግሞ ከዐሥር ዓመት በኋላ ተጠቃለሉ። ቡና የመንግሥት ገቢ ሆነ፤ የክርስቲያን ነጋዴና የወታደር መተዳደሪያም ሆነ። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ንግዱ ይበልጥ ሰፋ።

የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳመለከቱት፣ ቡና መጠጣት በክርስቲያኖች ዘንድ በፍጥነት የተስፋፋው በ1870ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን ለዚህም ሁለት ሰዎች በተለይ ይጠቀሳሉ። አንደኛው ራሳቸው ቡና ይጠጡ የነበሩት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ሁለተኛው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ከግብፅ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ብፁዕነታቸው ቡና የአንድ ሃይማኖት መለያ ነው የሚለውን የካህናቱን አስተሳሰብ ለማስወገድ ብዙ ደክመዋል። ከግብፅ የመጡ አባት ይህን ማስተማራቸው አያስደንቅም፤ በካይሮ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቡና ይጠጣ ነበርና።

እንግዲህ የተለወጠው ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያን እምነት አልተለወጠም። ቡናውም አልተለወጠም። የተለወጠው ቡናው በሰው ዘንድ የነበረው ትርጉም ነው። ንጉሡም ገበሬውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠጣው ከሆነ በኋላ ቡና የማንም መለያ መሆኑ ቀረ፤ ምክንያቱ ሲቀር ክልከላውም ቀረ። ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ክፉ አሳብ እንጂ ወደ አፍ የሚገባው እንዳልሆነ ያስተማረው ትምህርት (ማቴ. 15) በቦታው ጸንቶ ነበር። ስለዚህ የከለከሉትን አባቶች «አላዋቂዎች»፣ የፈቀዱትን ደግሞ «ልል» ማለት ሁለቱንም አለመረዳት ነው። ሁለቱም የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ይህ ነገር ምእመኑን ወደ ማን ይመራዋል?» የሚል ነው። ዘመኑ ሲለወጥ መልሱ ተለወጠ።

በቤታችን ያለው ቡና

ይህንኑ ጥያቄ ዛሬ በየቤታችን ልንጠይቅ ይገባል። የቡናውን ሥርዓት አንድ በአንድ ብንመለከት አብዛኛው ከልፋትና ከፍቅር የተሠራ ነው። ጥሬው ቡና ይለቀማል፤ ይታጠባል፤ በብረት ምጣድ ይቆላል። የተቆላው ቡና ሽታው እንዲዳረስ በተሰበሰበው ሰው ፊት ይዞራል። በሙቀጫና በዘነዘና ይወቀጣል፤ በጀበና ይፈላል። የሸክላው ጀበና ሙቀትን ይዞ ስለሚቆይ፣ ከእሳት ወርዶ ሲቀመጥም አተላው ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ቡናው ጠርቶ ይቀዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ የሚጠጣውም በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሆነ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለመቁላትና ለማፍላት የሚጠፋው ሰዓት ጎረቤት የሚጠያየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ኀዘንተኛ የሚጽናናበት ነው። «ቡና ጠጡ» ማለት «ኑ፣ አብረን እንቀመጥ» ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ የፍቅር ሥራ ነውና ሊጠበቅ ይገባዋል።

ልንተወውም የሚገባን አለ። ጥቂት ቡና «ለአድባር»፣ «ለቆሌ» ብሎ መሬት ላይ ማፍሰስ፣ ዕጣኑን ለቤት መንፈስ ብሎ ማጨስ፣ ስኒውን ደፍቶ በቀረው አተላ የሰውን መጻኢ ዕድል መናገር፣ «ዛሬ ቡና ካልተፈላ ክፉ ነገር ይደርስብናል» ብሎ መፍራት፣ እነዚህ ሁሉ አባቶቻችን ቡናን የከለከሉበትን ምክንያት መልሰው የሚያመጡ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ጥንቆላን ሁሉ ያወግዛል (ዘዳ. 18)። በስኒ ሲሆን የሚቀልል ጥንቆላ የለም። ለቤት ጥሩ ሽታ ዕጣን ማጨስና ሣር መጎዝጎዝ ግን በራሱ በደል አይደለም፤ ለማን ብለን እንዳደረግነው ኅሊናችን ያውቃል። ሦስተኛውም ነገር ሐሜት ነው። ቡናው ንጹሕ ሆኖ ወሬው የሰው ሥጋ የሚበላበት ቤት ከመናፍስት ማዕድ ብዙም አይርቅም።

በቤታቸው እንዲህ ያለ ልማድ የሚያዩ ወጣቶች ደግሞ አካሄዳቸውን ያስተውሉ። እናታችን ወይም አያታችን ቡናውን ሲቀዱ ጥቂት ወደ መሬት ቢያፈስሱ፣ ይህን የሚያደርጉት ከእናታቸው ያዩትን ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙን የነገራቸው የለምና። «እማዬ፣ ይህ ለምንድን ነው? በእግዚአብሔር ስም ባርከን ብንጠጣው አይሻልም?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ረከቦቱን ገፍቶ ከመነሣት የበለጠ ይሠራል። ቡናው ሲቀርብ «አቡነ ዘበሰማያት» ደግሞ መባረክ፣ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ካለ እንዲመርቅ ማድረግ የልማዱን መንገድ ወደ እግዚአብሔር ይመልሰዋል።

ጾም፣ ቅዱስ ቁርባንና ሐራራ

ብዙ ሰው ቡናን የመንፈስ ሥራ ነው ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው አንድ ነገር «ሐራራ» ነው። ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ራሱን ያመዋል፤ ይነጫነጫል፤ ሥራ መሥራት ያቅተዋል። ይህን አንዳንዶች «ዛሩ ቡናውን ጠየቀ» ይሉታል። ነገሩ ግን የታወቀ የሰውነት ጠባይ ነው። በቡናም በሻይም ውስጥ ካፌይን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1819 ከቡና ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሩንገ ነው። ካፌይን በአንጎላችን ውስጥ ድካምን የሚያሳውቀውን ንጥረ ነገር ቦታ ይዞ ሥራውን ይከለክላል፤ ስለዚህ ንቁ ያደርገናል። ሰውነት ከለመደው በኋላ ድንገት ሲቀር ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጅ ምእመን 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ይከለከላል። በየቀኑ ብዙ ስኒ የሚጠጣ ሰው ራሱን የሚያመው ልክ ቅዳሴው በሚቀደስበት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። እንዲሁም በዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ብዙዎች የሚደክሙት በረኃብ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ የስኒውን ቁጥር ቀስ በቀስ መቀነስ ማስተዋል ነው። ካፌይን ከሰውነት እስኪወጣ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ በዋዜማ ማታ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍ ነሥቶ ለኪዳን የሚነሣውን ሰው ያዳክመዋል። ደግሞም ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይወስድ ስለሚቀንሱ፣ በጾም ወራት ከማዕድ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ መጠጣት ይመረጣል። ይህ በተለይ ለእህቶቻችንና ለነፍሰ ጡሮች ይጠቅማል።

ቡና ካልጠጣ በስተቀር መጸለይ የማይችል ሰው ግን ራሱን ይመርምር። ቅዱስ ጳውሎስ ሁሉ ቢፈቀድለትም በአንዳች ነገር ሥር እንደማይገዛ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 6)። ቡና አገልጋያችን ሲሆን መልካም ነው፤ ጌታችን ሲሆን ግን ጾማችንን ይሻማል።

ስለ ሻይ

ሻይ ወደ ሀገራችን የገባው ከቡና በኋላ ከባሕር ማዶ ነው፤ ስሙም ከቻይና ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው። ዛሬ በኢሉባቦር ጉማሮና በከፋ ውሽውሽ ቅጠሉ ይመረታል፤ በየቤቱም በቀረፋና በቅርንፉድ ይፈላል። በሻይ ምክንያት ግን «ኃጢአት ነውን?» የሚል ክርክር ሲነሣ አንሰማም። ካፌይኑ በሻይም በቡናም ውስጥ አለ፤ ሁለቱም ያነቃቃሉ፤ ሁለቱም ሐራራ ያመጣሉ። ልዩነቱ ሻይ የማንም ሃይማኖት መለያ ሆኖ አለማለፉ፣ ከመናፍስትም ስም ጋር አለመያያዙ ነው። ይህም ከላይ የተናገርነውን ያጸናል፤ የቡና ክርክር መጠጡ ያመጣው ክርክር አልነበረም።

እንግዲህ የተወደዳችሁ፥ አባቶቻችን በአንድ ስኒ ቡና ላይ ይህን ያህል የተጨነቁት ለእኛ ነፍስ አስበው ነው። እኛም የእነርሱን ጥንቃቄ ይዘን፣ የእናቶቻችንን ልፋት አክብረን፣ ባዕድ ልማዱን በፍቅር እያስወገድን፣ በጾም ጊዜ እየገታን፣ በማዕዳችን ላይ የእግዚአብሔርን ስም እየጠራን እንጠጣው። የተለያየ ቤተሰብ በቡናው ዙሪያ ይሰብሰብ፤ ሐሜቱ ይቅር፤ ምርቃቱ ይቆይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።